ዋጋ አዋቂዎች የሚቀመጡበት ወንበር

መርካቶ ያደገ ሰው «ዘ ፕራይስ ኢዝ ራይት» የተባለውን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጨዋታ መጀመሪያ ሲያይ ግራ ይገባዋል። አንድ ጎልማሳ የሾርባ ጣሳ ፊት ቆሞ፣ ዋጋውን ለመገመት ላብ ያጠምቀዋል። እኛ ዘንድ ዋጋ የሚገመት ሳይሆን የሚወርድ ነገር ነው። ባለሱቁ ይጠራል፣ ገዢው ግማሹን ይላል፣ ከዚያ ሊሄድ እግሩን ሲያነሳ «ና እስቲ፣ የመጨረሻውን ልንገርህ» ይባላል። እዚያ ግን ዕቃው ሁሉ አንድ ቁርጥ ዋጋ አለው፤ ያንን የሚያውቅ ሰው መኪና ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቢያንስ ከእ.ኤ.አ. 1972 ጀምሮ ለተመልካቹ የሚነገረው እንደዚያ ነው።

እኔ ስቱዲዮው ድረስ ሄጄ ያየሁት ትንሽ ይለያል።

የወሰደችኝ አክስቴ ናት። ሎስ አንጀለስ ውስጥ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ የመንከባከብ ሥራ ነበራት፤ ጠዋት ጠዋት የምትውልባቸው አንዲት አሮጊት ደግሞ ይህን ፕሮግራም ሳያዩ ቁርስ አይቀምሱም። አክስቴም እንግሊዝኛውን ከዋጋው ጋር አንድ ላይ ለመደችው። ለሴትዮዋ የሚገዛላቸውንም የምትገዛው እሷው ስለሆነች፣ የሰው ሠራሽ ጥርስ ማጣበቂያ፣ የወለል ሰም፣ የድመት ምግብ፣ የራስ ምታት ክኒን ዋጋ ከነሳንቲሙ በቃሏ ነው። በዚያ ላይ በየወሩ አዲስ አበባ ገንዘብ የሚልክ ሰው ዋጋ የሚያይበት ዓይን ሌላ ነው። ዶላሩን በልቧ ወደ ብር ሳትመነዝር አንድም ዕቃ ከመደርደሪያ አታነሳም። አሮጊቷ ናቸው እንግዲህ «አንቺማ ሄደሽ መወዳደር አለብሽ» ያሏት።

ስቱዲዮው ያኔ የነበረው ፌርፋክስ ጎዳና ቤቨርሊን በሚያቋርጥበት ማዕዘን፣ ቴሌቪዥን ሲቲ በሚባለው ግቢ ነው። በዚያው በፌርፋክስ ወደ ደቡብ ጥቂት ከተነዳ፣ ከተማው እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው ሰፈር ይደረሳል፤ አክስቴ እንጀራ የምትገዛበት ማለት ነው። ዘመኑ የጨዋታው አቅራቢ ቦብ ባርከር እ.ኤ.አ. በ2007፣ በ83 ዓመቱ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበበት ነበር። ትኬቱ ነፃ ነው፤ ግን ትኬት መያዝ ወንበር ማግኘት ስላልሆነ ሰው ሳይነጋ ይሰለፋል። ከፊታችን የነበሩት አንድ ዓይነት ካናቴራ አሠርተው የቦብን ስም ደረታቸው ላይ አጽፈዋል። አክስቴ የሚካኤል ዕለት የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ፣ ዳቦ ቆሎ በላስቲክ ቋጥራ መጥታለች።

ተራችን ሲደርስ የዋጋ መለያ ቅርጽ ያለው ቢጫ ወረቀት ላይ ስማችን በእጅ ተጽፎ ደረታችን ላይ ተለጠፈ። የእሷን ስም አስደጋግመው ከጠየቁ በኋላ የመሰላቸውን ጻፉላት። ከዚያ ቤቱ የተቀመጠ ተመልካች የማያየው ነገር መጣ፦ ተሰላፊዎች በቡድን በቡድን እየሆኑ አንድ አዘጋጅ ፊት ይቆማሉ። ሰውየው ስም፣ አገር፣ ሥራ ይጠይቃል፤ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። ቤት ሆኖ ለሚያይ ስሙ በዕጣ የወጣ የሚመስለው ያ «ወደዚህ ና!» የሚባል ዕድለኛ ሁሉ እዚህች ጋ ታይቶ የተመረጠ ነው። አዳራሹ የሚይዘው ሦስት መቶ ያህል ሰው ነው፤ የሚጠራው ዘጠኝ።

ከእኛ በፊት የነበረች ወጣት ስሟን ከመናገሯ በፊት ዘለለች። ቀጥሎ ያለው ዘፈነ። አክስቴ ጋ ሲደርስ፣ ትልቅ ሰው ፊት እንደምታደርገው፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ አፏን በመዳፏ ከለል አደረገችና በለሆሳስ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፤ በእንግሊዝኛ፣ ግን አባባሉ ያው የእኛው ነው። አዘጋጁ ደስ የሚል ፈገግታ ሰጥቷት አለፈ። ስለ ወለል ሰም አልጠየቃትም። የጠየቀው ሰውም የለም።

በሰውየው አልፈርድበትም። ገንዘብ የሚከፈለው ዋጋ የሚያውቁ ሰዎችን እንዲያገኝ ሳይሆን ሲያሸንፉ ዓይን የሚሞሉ ሰዎችን እንዲያገኝ ነው። ሰው ፊት አትጩህ፣ ሲሰጡህ «ኧረ ይቅርብኝ» በል፣ ሲለምኑህ ብቻ ተቀበል እየተባለ ያደገ ሰው፣ ለማቀዝቀዣ ሲል መሬት ላይ እንዲንከባለል ቢጠበቅበት ከየት ያመጣዋል? እኔም ብሆን ከአክስቴ አልተሻልኩም።

ስልክም ማስታወሻም ይዞ መግባት አይፈቀድም። ቁጥጥሩ ታሪክ አለው፦ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ «ትዌንቲ ዋን» የተባለው የጥያቄ ውድድር መልሱን አስቀድሞ ለተወዳዳሪ ሲሰጥ ተጋልጦ አገር ተንጫጫ፤ በ1960 ደግሞ እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ወጣ። ስለዚህ መድረኩ ላይ የሚሆነው እውነት ነው። ጥያቄው ማን መድረክ ላይ ወጣ የሚለው ነው።

ውስጡ በቴሌቪዥን ከሚታየው በጣም ያንሳል፤ ብርዱም አይጣል ነው። በማስታወቂያ መሐል ሠራተኞች መኪና እየገፉ ያስገባሉ፣ ባርከር ደግሞ ከተመልካች ጋር ይቀልዳል። ሽበታሙ ሰውዬ ካሜራ ሲጠፋም ያው ነው። ፕሮግራሙን ሲዘጋ እንደ ልማዱ ውሾቻችሁንና ድመቶቻችሁን አስኮላሹ ብሎ ሲመክር አክስቴ «ምን አገባው?» ብላ ጎኔን ጎሰመችኝ።

መጀመሪያ ላይ አራት ሰዎች ተደርድረው ዋጋ ይጠራሉ፤ ሳያልፍ የተጠጋ ያሸንፋል። የመጨረሻው ተጫዋች ሦስቱም አሳልፈዋል ብሎ ካሰበ «አንድ ዶላር» ይላል። አክስቴ ይህን በቴሌቪዥን ስታየው ኖራለች፤ በአካል ስትሰማው ግን አልቻለችም። «ይሄ መርካቶ ቢሆን በካልቾ ነበር የሚባረረው!» አለች፤ ጮክ ብላ።

እዚያ ላይ አንድ ነገር ተፈታ። በዚህ ጨዋታ ተመልካች ዋጋ እየጮኸ መንገር ይችላል፤ ተጫዋቹም ዞሮ ይሰማል። የሸቀጥ ጨዋታ ሲመጣ ያቺ አፏን የከለለችው ሴት ብድግ ብላለች። ክንዷን ዘርግታ ቁጥር ትጠራለች፣ ጣቷን ታሳያለች፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። መድረኩ ላይ ያለችው ባለ ካናቴራ ወደ ጓደኞቿ ዞራ የእነሱን ሰማች፤ ተሳሳተችም። አክስቴ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «ነግሬያታለሁ! ነግሬያታለሁ እኮ!» አለች፤ ጥፋቱ የእኔ ይመስል።

ቆይቼ ስለ ቴሪ ክኒስ ስሰማ አልደነቀኝም። እ.ኤ.አ. በ2008 ከባለቤቱ ጋር ዋጋ ሲያጠና ከርሞ ስቱዲዮ የገባ የላስ ቬጋስ ሰው ነው። የመጨረሻውን ሽልማት 23,743 ዶላር ብሎ ከነዶላሩ መታው፤ ባርከርን የተካው ድሩ ኬሪ ማጭበርበር መስሎት ደነገጠ። ሕግ የተጣሰበት ነገር ግን አልነበረም። ከክኒስ ባለቤት አጠገብ ቴድ ስላውሰን የተባለ ሰው ተቀምጦ ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የፕሮግራሙን ዋጋዎች በቃሉ የያዘ፣ ቀረጻ እየተመላለሰ ለሌሎች የሚጮህ። ቁጥሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ ይላል፤ ክኒስ ደግሞ የራሴ ነው ይላል። የማንኛቸውም ቢሆን ስላውሰን የዋለበትን ወንበር አውቀዋለሁ፤ አጠገቡ ባለው ተቀምጬበታለሁ።

መኪና ቢደርስሽ ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር ብዬ አክስቴን ጠይቄያታለሁ። ስሌቱን ጨርሳው ነበር። ሽልማቱ እንደ ገቢ ስለሚቆጠር ግብር አለው፤ የሚሰጠውም ፕሮግራሙ ከተላለፈ በኋላ ነው። ሸጣ፣ ግብሩን ከፍላ፣ የቀረው ለእናቷ ቤት ጣሪያ።

ቀረጻው እ.ኤ.አ. በ2023 ከፌርፋክስ ለቆ ወደ ግሌንዴል ሄዷል። አዘጋጆቹ ቢጠይቁኝ አንድ ሐሳብ አለኝ፦ ከዘጠኙ ተጠሪዎች አንዱ በሩ ላይ የሃያ ሸቀጦችን ዋጋ በጽሑፍ ተፈትኖ የበለጠው ይሁን። በቀደም ይህንኑ በስልክ ለአክስቴ ነገርኳት።

«ፈተናማ ከሆነ ማን ቁጭ ብሎ ያየዋል? እኔ ራሴ ቻናል እቀይራለሁ» አለችኝ።