ሃይላንዱን ማን ይመልሰው?

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ የሚያውቅ ሰው ትዕይንቱን አይስተውም። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ መንገድ ዳር ያሉ ልጆች እጃቸውን ዘርግተው «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይላሉ። የሚፈልጉት ውሃውን አይደለም፤ ባዶውን ነው። የአንድ ፋብሪካ ውሃ ስም የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ለልጆቹ ባዶው ዕቃ ነው፣ ውሃ ይቀዳበታል፣ ወተት ይያዝበታል። ለእኛ ለከተሜዎቹና ሞልቶ ለሸጠልን ድርጅት ግን ቆሻሻ ነው።

የመጠጥ ኩባንያዎች ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲጠየቁ ጣታቸውን ወደ እኛ ይቀስራሉ፦ «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ የለውም።» ግንዛቤ! እስኪ የመስታወቱን ጠርሙስ እናስታውስ። ለስላሳ ግዙ ተብለን ሱቅ ስንላክ ባዶ ጠርሙስ ይዘን ነበር የምንሄደው፤ ከሌለን ማስያዣ እንከፍላለን። መንገድ ላይ የሰበረ ልጅ ቤት ምን እንደሚጠብቀው የቀመሰ ያውቀዋል። ሥልጠና የሰጠን፣ ቲሸርት ያደለን አልነበረም። ጠርሙሱ ባለቤት ስለነበረው ብቻ ፋብሪካው ባለሱቁን፣ ባለሱቁ እናታችንን፣ እናታችን እኛን ትጠይቅ ነበር። ቢራና ለስላሳ በመስታወት ሲሆን ዛሬም ሳጥኑ ተመልሶ፣ ታጥቦ፣ ተሞልቶ ይመጣል።

ፕላስቲኩ ይህን ሰንሰለት በጠሰው። ለኩባንያው ይመቻል፤ ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ማጠቢያ አይፈልግም፣ ከፋብሪካው በር ከወጣ በኋላ የሚጠይቅ የለም። (እውነቱን እንናገርና ለእኛም ይመቻል። ታክሲ ውስጥ መስታወት ይዞ መጋፋትን ማን ይመርጣል?) ወጪው ግን አልጠፋም። አሁን የሚከፍለው ቦይ የሚያስጠርገው ማዘጋጃ ቤት፣ አቃቂ ወንዝና ማዳበሪያ ሙሉ ፕላስቲክ ተሸክሞ በኪሎ የሚሸጠው ለቃሚ ነው።

ይህ የድሃ አገር ጉዳይ ብቻ አይምሰለን። ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ2018፣ እስከ 2030 ድረስ የሚሸጠውን ያህል ጠርሙስና ጣሳ እንደሚሰበስብ ቃል ገባ። በ2022 ደግሞ ከመጠጡ ሩቡን ተመልሶ በሚሞላ ዕቃ እሸጣለሁ አለ። በ2024 መጨረሻ የመጀመሪያው ቃል ወደ 70–75 በመቶ ወርዶ ቀነ ገደቡም ወደ 2035 ተገፋ፤ ሁለተኛው ከአዲሱ ዝርዝር ውስጥ የለም። በፈቃዱ የገባውን ቃል በፈቃዱ ቢያነሳው ማን ይከሰዋል?

እኛ ዘንድ በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታል አገደ። ደግ አደረገ። ለሃይላንዱ ግን እገዳ አንጠይቅም፤ ማስያዣ ይደረግበት ነው የምንለው፣ በሕግ። ጀርመን ከ2003 ጀምሮ ታደርገዋለች፤ ባዶውን ይዞ የመጣ ገንዘቡን ያገኛል፣ ገዢም ይሁን ለቃሚ።

«ዋጋ ይንራል» የሚል አይጠፋም። ማስያዣ ግን ተመላሽ ነው። ከበድ ያለው ጥያቄ የባለሱቁ ነው፦ በዚያች ጠባብ ሱቅ ባዶውን የት ያከማቸው? ይህን የሚመልሰው ውሃውን ያመጣው መኪና ነው። አራግፎ ሲመለስ እንደሆነ ባዶውን ነው የሚሄደው።