«አንተ» ማለቱ ምኑ ያስቃል?

ዛሬ በክፍል ውስጥ ስለሚያፍሩ ተማሪዎች ሐሳቤን ልጻፍ።

በአማርኛ ክፍለ ጊዜ እጃቸውን የማያወጡ ልጆች አሉ። ብዙዎቹ ከገጠር ቀበሌ የመጡ ናቸው። ሰነፍ ይመስሏችኋል? ሒሳብ ሲሆን እኮ ቀድመው የሚጨርሱት እነሱ ናቸው! ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ የተማሩት በጌዴኡፋ ነው። ዲላ ከተማ ያደግን ልጆች ግን አማርኛን በሰፈርም በገበያም እየሰማን ነው ያደግነው።

አንድ ልጅ ሴቷን ጓደኛውን «አንተ፣ ደብተርህን ስጠኝ» ሲላት ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። ቆይ፣ ለምን እንደዛ አለ? በጌዴኡፋ ለወንድም ለሴትም «አቲ» ነው። አለቀ። አማርኛ ግን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ይላል። ግሡም አብሮ ይቀየራል፤ ስጠኝ፣ ስጪኝ፣ ይስጡኝ። ልጁ ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መለየት አለበት። እንግሊዝኛም እኮ «ዩ» ብሎ ወንድና ሴት አይለይም፤ እንግሊዞች ላይ ማን ሳቀ? እንዲያውም የእንግሊዝኛ መምህር ሲገቡ ሳቂዎቹም አንገታቸውን ይደፋሉ።

አንዴ የተሳቀበት ልጅ ዓመቱን ሙሉ ዝም ሊል ይችላል። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል። ለሐሜት ጥሩ ምክር ነው፤ ለቋንቋ ትምህርት ግን አይሠራም፤ አፍ ካልተከፈተ መምህሩስ ምኑን ያርሙታል?

መምህሮቻችን፣ እባካችሁ ጥያቄ ጠይቃችሁ ወዲያው «አንተ ተነሥ!» ከማለታችሁ በፊት ከጎናችን ካለው ልጅ ጋር በመልሱ ላይ ትንሽ እንድናወራ ፍቀዱልን። ለአንድ ጓደኛ የተናገሩትን ለክፍሉ መድገም ይቀላል። ደግሞ ተማሪው ሲሳሳት አረፍተ ነገሩን ይጨርስ፣ ከዚያ ይታረም። መሀል ላይ ሲቋረጥ የሚያውቀውም ይጠፋበታል።

ክበባችንም ቢሆን ማይክ የሚያስይዘው ሁልጊዜ ጎበዝ አንባቢዎችን ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። በጌዴኡፋ ተረት ወይም እንቆቅልሽ የሚያውቅ ልጅ መጀመሪያ በራሱ ቋንቋ ይንገረን፤ ቀጥሎ በአማርኛ ከወረቀት ያንብብልን። የፈራ ካለ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ለክበቡ ልጆች ብቻ ያንብብ። «አንተ» እና «አንቺ» ከተምታታበትም እዚያው እናስተካክላለን።