ሳይሰበር አውጡት

ባለፈው ክረምት እህቴ ከታክሲ ስትወርድ ስልኳ ወደቀ። ስልኩ አልሞተም። ሲደወልለት ይጠራል፣ መልእክት ሲገባ ቫይብሬት ያደርጋል። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው፤ ቢነኩትም አይሰማም። ውስጡ ደግሞ አያታችን ለመጨረሻ ጊዜ ፋሲካን ከኛ ጋር ስታሳልፍ የተቀረፀ ቪዲዮ አለ። ሌላ ቦታ የለንም።

«አታስቢ፣ ከላፕቶፔ ጋር አገናኝተን እናወጣዋለን» አልኳት። ለዓመታት ሊኑክስ የተጠቀምኩ ሰው ነኝና ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር። ኬብሉን ሰካሁ። ኡቡንቱ ስልኩን አወቀው። ፎልደሩን ስከፍተው ግን ባዶ! ስልኩ ተቆልፏል። ለመክፈት ስክሪን ያስፈልጋል፣ «ፋይል ማስተላለፍ» የሚለውን ለመምረጥም ስክሪን ያስፈልጋል። ስክሪኑ ደግሞ የለም።

ይሄ የሊኑክስ ጥፋት አይደለም። የድሮዎቹ አንድሮይዶች ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩ ልክ እንደ ፍላሽ ነበሩ። ኮምፒውተሩ ሚሞሪውን ይረከባል፣ እስኪነቀል ድረስ ስልኩ ራሱ የገዛ ፎቶውን ማየት አይችልም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ግን አንድሮይድ ኤምቲፒ ወደሚባለው መንገድ ዞረ። ማይክሮሶፍት ከዲጂታል ካሜራዎች የፎቶ ማስተላለፊያ ተነስቶ የሠራው ዘዴ ነው። በዚህ መንገድ ሚሞሪው ከስልኩ እጅ አይወጣም። ኮምፒውተሩ «ይህን ፋይል ስጠኝ» ብሎ ይጠይቃል፤ ስልኩ ይሰጣል ወይም ይከለክላል። በ2015 ከወጣው አንድሮይድ 6 ጀምሮ ደግሞ ስልኩ ሲሰካ መጀመሪያ የሚመርጠው ቻርጅ ማድረግን ብቻ ነው።

ክፉ ነገር አይደለም። የማታውቁት ሰው ኮምፒውተር ላይ ስልካችሁን ቻርጅ ስታደርጉ ፎቷችሁ እንዳይዘረገፍ የሚጠብቃችሁ ይኸው ነው። ግን በሩ የሚከፈተው ከውስጥ ነው። ቁልፉ ያለው ስክሪኑ ላይ ነው። ስክሪን ደግሞ ይሰበራል።

ስለዚህ የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ፎቶው የናንተ የሚሆነው ከስልካችሁ ማውጣት ስትችሉ ብቻ ሳይሆን፣ አውጥታችሁ ስታስቀምጡት ነው።

እዚህ ላይ ሊኑክስ ደስ ይላል። በዩኒክስና በዘመዶቹ ዘንድ ሁሉም ፋይል ያለው በአንድ ዛፍ ላይ ነው። ዊንዶውስ ፍላሽ ሲሰካ አዲስ ፊደል ይሰጠዋል። ሊኑክስ ግን አዲሱን ዕቃ እንደ ቅርንጫፍ አምጥቶ አንድ ፎልደር ላይ ይቀጥለዋል። «ማውንት ማድረግ» የሚሉት ይህን ነው። ስልካችሁ ፎልደር ሆነ ማለት ነው። ልዩ አፕ ጫኑ የለ፣ አካውንት ክፈቱ የለ። ኮፒ፣ ፔስት፣ አለቀ።

አሠራሩም ቀላል ነው። ኬብሉን ስኩ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ እንደዚያ ዓይነቱ ዳታ አያሳልፍም። ስልኩን ክፈቱና ከላይ ከሚወርደው ማሳወቂያ «ፋይል ማስተላለፍ» የሚለውን ምረጡ። ኡቡንቱ ላይ የስልኩ ስም በስተግራ ብቅ ይላል። «ዲሲአይኤም» የሚለው ፎልደር ውስጥ ካሜራው ያነሳው አለ። አይፎን ከሆነ «ይህን ኮምፒውተር ታምነዋለህ?» ብሎ ይጠይቃችኋል፤ እሺ በሉት። ተርሚናል የምትወዱ ደግሞ ለአንድሮይድ «ሲምፕል ኤምቲፒኤፍኤስ»፣ ለአይፎን «አይፊውዝ» የሚባሉትን ሞክሩ። ኬብል ከሰለቻችሁም ስልኩ ላይ ተርመክስ ጭናችሁ በቤት ዋይፋይ «ኤስኤስኤችኤፍኤስ» በሚባለው ማውንት ማድረግ ይቻላል። ፋይሉ የሚሄደው ከስልክ ወደ ላፕቶፕ እንጂ ወደ ኢንተርኔት ስላልሆነ ከፓኬጃችሁ አይቆርጥም።

አንድ ምክር ግን አለኝ፦ «ከት» አታድርጉ፣ «ኮፒ» አድርጉ። ትልቅ ቪዲዮ ሲተላለፍ መሃል ላይ ሊቋረጥ ይችላል። ኮፒው ካለቀ በኋላ ቪዲዮውን ላፕቶፑ ላይ ከፍታችሁ እዩት። ከዚያ ነው ከስልኩ የሚጠፋው። ኬብሉንም ከመንቀላችሁ በፊት ስልኩን አንማውንት አድርጉት።

«ክላውድ እያለ ምን ያደክማል?» የሚለኝ አይጠፋም። ክላውድ ጥሩ ነው፣ እኔም እጠቀማለሁ። ግን ጎግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ እሱንም ፎቶውና ኢሜይሉ ይካፈሉታል። ያለገደብ ፎቶ በነፃ ማስቀመጥ እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2021 አብቅቷል። በዚያ ላይ የሠርግ ቪዲዮ በሞባይል ዳታ መጫን ምን ያህል ፓኬጅ እንደሚበላ ለናንተ አልነግራችሁም። «ቴሌግራም ላይ ለራሴ ልኬዋለሁ» የምትሉም አላችሁ። በፋይል መልክ ካልላካችሁት ቴሌግራም ፎቶውን ጨምቆ ነው የሚያስቀምጠው። ያው ፎቶ አይደለም።

ቤት ውስጥ አቧራ የለበሰ አሮጌ ላፕቶፕ ካለ ቀለል ያለ ሊኑክስ ጫኑበትና የቤተሰቡ የፎቶ ሳጥን አድርጉት። ለዚህ ሥራ አዲስ ኮምፒውተር አያስፈልግም።

የእህቴስ ስልክ? ስክሪኑን አስቀየርን። ዋጋው አስደንግጦን ነበር፣ ግን ከፈልን። ስልኩ ሲበራ ፓስወርዱን አስገባች፣ ኬብሉን ሰካሁ፣ ፎልደሩ ተከፈተ። አያታችን ድፎውን እየቆረሰች ትስቃለች። ሁለታችንም ዝም ብለን አየናት።

ከዚያ ወዲህ እሁድ ማታ የቤቱ ስልክ ሁሉ ተራ በተራ ላፕቶፑ ላይ ይሰካል። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገሬ ሰው። እስቲ እናንተም ዛሬ ማታ ኬብላችሁን ፈልጉ፤ ስክሪናችሁ ገና ደህና ሳለ።