ሥራና ሙያ፦ የኔትወርክ ንድፍ ሰርተፊኬት ተራው መቼ ነው?

ለዛሬ ስለ ሌላ ጉዳይ ልጽፍ አስቤ ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ይህ ጋዜጣ ከሚቀመጥባቸው ምግብ ቤቶች በአንዱ ቡና ስጠጣ፣ አንድ ወንድማችን ሰላምታ ሰጥቶኝ ተቀመጠና ከኪሱ በራሪ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋልኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ በሙያው ስላሉ እስቲ ይዩልኝ» አለኝ።

ወረቀቱ የአንድ ማሠልጠኛ ነው፤ ስሙን አላነሳም። በ12 ሳምንት «ኔትወርክ አርክቴክት» እናደርግሃለን ይላል። ክፍያው 3,200 ዶላር ሲሆን የሚያዘጋጀው ለሲስኮ የሲሲዲኤ ፈተና ነው። ልጁ ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራል። ገንዘቡን ያጠራቀመው ባለቤቱን ከአዲስ አበባ ለማምጣት ነበር። ደህና ሥራ ከያዝኩ ቶሎ እተካዋለሁ ብሎ 500 ዶላር ቀብድ ከፍሏል።

ሲሲዲኤ የሚባል ፈተና ዛሬ የለም። ሲስኮ እርሱንም ከእርሱ በላይ የነበረውን ሲሲዲፒንም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2020 ሰርዟቸዋል። ይህን ስነግረው የልጁ ፊት ተለወጠ። ፈተናው ባይሰረዝም ግን መልሴ ያው ነበር፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

ራውተርና ስዊች ላይ ትእዛዝ ጽፎ ማሠራት አንድ ሥራ ነው። መሥሪያ ቤቱ ስንት መስመር ያስፈልገዋል፣ የትኛው ሲቋረጥ የትኛው ይተካዋል፣ ባለቤቱ ስንት ሰዓት ሥራ ቢቆምበት ይችላል፣ ለዚያስ ምን ያህል ይከፍላል ብሎ መወሰን ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ንድፍ የሚባለው ይኸኛው ነው። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ መሥሪያ ቤት ከሁለት ኩባንያዎች ሁለት መስመር ገዝተን፣ አንዱ ቢቋረጥ ሌላው አለ ብለን ተማምነን ተቀምጠን ነበር። አንድ ቀን መንገድ የሚቆፍር ማሽን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቆረጣቸው። ለካ ሁለቱም ወደ ሕንፃው የሚገቡት በአንድ ቱቦ ኖሯል! በወረቀት ላይ ሁለት፣ መሬት ውስጥ ግን አንድ። ንድፉን ያወጣነው ሰዎች ሁላችንም ፈተና ያለፍን ነበርን፤ ወደ ምድር ቤት ወርዶ ቱቦውን ያየ ግን አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ መስመር የት በኩል እንደሚገባ ሳልጠይቅ ቀርቼ አላውቅም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ከመክፈትና ከመዝጋት አልፎ የማያውቅ ሰው ከኮምፕቲያ ኤ ፕላስ ይጀምራል፤ ይህ ለሄልፕ ዴስክ ሥራ በር ይከፍታል። ወደ ኔትወርክ የሚያዘነብል ሁሉ ደግሞ ሲሲኤንኤን መያዝ አለበት። ኔትወርክ ፕላስ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ገንዘቡ ለአንድ ፈተና ብቻ የሚበቃ ከሆነ እኔ ሲሲኤንኤን እመርጣለሁ። ፈተናው 300 ዶላር ነው፤ ታክስ ይጨመርበታል። ሰርተፊኬቱ የሚያገለግለው ለሦስት ዓመት ስለሆነ ከዚያ በፊት ማሳደስ ያስፈልጋል። ለልምምድ ፓኬት ትሬሰር የሚባለውን ፕሮግራም ሲስኮ በነፃ ይሰጣል።

ከዚያ በኋላ ሥራ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ኬብል መሳብ፣ ሌሊት በስልክ መቀስቀስ፣ የተበላሸ መፈለግ። ሲሲኤንፒ የሚመጣው በዚህ መካከል ነው። ሁለት ፈተና አለው፤ አንዱ ግዴታ ሲሆን ሁለተኛውን ተፈታኙ ይመርጣል። ከምርጫዎቹ አንዱ፣ ቁጥሩ 300-420 የሆነው፣ የንድፍ ፈተና ነው። የተሰረዙት የሁለቱ ፈተናዎች ትምህርት ዛሬ በብዛት የሚገኘው እዚህ ውስጥ ነው።

በጫፉ ላይ ሲሲዲኢ አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 ከተጀመረው ከሲሲአይኢ ጋር በአንድ ደረጃ የሚቆም ነው። የጽሑፍ ፈተናውን ያለፈ ሰው ስምንት ሰዓት የሚፈጅ ሁለተኛ ፈተና ይቀመጣል። እዚያ ትእዛዝ መጻፍ የለም። የአንድ ድርጅት ሁኔታ፣ ደብዳቤና ሥዕል ቀርቦለት ምን ይደረግ፣ ለምን ተብሎ ይጠየቃል። ይህን በቃል ሸምድዶ ማለፍ አይቻልም።

ታዲያ ማሠልጠኛዎቹ የላይኛውን ለጀማሪ እንዴት ይሸጡታል? ከ2020 ወዲህ ሲስኮ ለሲሲኤንፒ መጀመሪያ ሲሲኤንኤ ይኑርህ ማለቱን ስለተወ ነው። በሩ ለሁሉም ክፍት ነው። ቀጣሪው ግን እንደ ፈተናው ጣቢያ ገንዘብ ተቀብሎ አያስገባም።

በ1990ዎቹ እዚህ የነበራችሁ የማይክሮሶፍቱን ኤምሲኤስኢ ታስታውሳላችሁ። ታክሲ ውስጥ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ያልተነበበበት ቦታ አልነበረም። ብዙዎች በርትተው ከዚያ ተነስተው ደህና ቦታ ደርሰዋል። ጥያቄና መልስ ብቻ ሸምድደው የገቡት ግን ኢንተርቪው ላይ አንድ ሰርቨር ፊት ሲቀመጡ ላብ በላብ ሆኑ። አሜሪካኖቹም «የወረቀት ኤምሲኤስኢ» የሚል ስም አወጡላቸው። እርሱም በ2021 ተሰርዟል።

በዋሽንግተን አካባቢ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ለአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሥራ የሚኮናተሩ ድርጅቶች ከንድፍ ሰርተፊኬት ይልቅ ሴኩሪቲ ፕላስን አብዝተው ይጠይቃሉ። ሆኖም የምስጢር ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ በጠቅላላው ለዜጎች ስለሆነ፣ ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ወንድማችን አሁን በቀን ሁለት ሰዓት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለሲሲኤንኤ እያጠና ነው። የቀረውን 2,700 ዶላር አልነካውም፤ የባለቤቱ ጉዳይ በቦታው ይቀጥላል። የ500 ዶላሩን ቀብድ እንዲመልሱለት በስልክ ቢጠይቅ «ሥራ አስኪያጁ የሉም» እያሉ ሦስት ጊዜ መልሰውታል። የፈረመውን ውል አብረን አንብበን ጥያቄውን በደብዳቤ ልኳል፤ መልሱን በሚቀጥለው እትም እነግራችኋለሁ።