የእናታችን ጠይምነት የት ሄደ?

አማርኛ የሰውን መልክ ለመግለጽ አይሰስትም። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እንላለን፤ በጠይምና በቀይ ዳማ መካከል ደግሞ አክስቶች ግማሽ ቀን ሊከራከሩ ይችላሉ። ኮምፒውተር ይህን ሁሉ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ሦስት ቁጥሮችን ነው፦ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን፣ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255። በእነዚህ ቁጥሮች የተመዘገበውን መልክ ሞኒተሩ በራሱ ልክ ያሳየናል፤ ማተሚያው በራሱ፣ የልጅዎ ስልክም በራሱ። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አንዲት ጎረቤቴ ለእናቷ ሙት ዓመት ትልቅ ፎቶ ልታሠራ ከአልበም አንድ አወጣች። እናቲቱ ነጠላ ተጎናጽፈው ደጃፍ ላይ የቆሙበት ነው። ልጇ ስካን አድርጎ ቤት ባለው ኮምፒውተር ሲያስተካክል ሁለት ምሽት ፈጀ። ስክሪኑ ላይ ቆንጆ ነበር። ታትሞ ሲመጣ ግን ፊታቸው ጠቁሮ፣ አመድ የነፉበት መስሎ ዓይናቸው እንኳ በቅጡ አይለይም። ልጁ ደነገጠና ፕሮግራሙ በራሱ የሚያስተካክልበትን ቁልፍ ተጫነ። ሁለተኛው ሕትመት ላይ ደግሞ ቀይ ሴት ሆነው ወጡ። የሟች ታናሽ እህት ፎቶውን ይዘው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፣ «ይሄ የእትዬ መልክ አይደለም» ብለው መለሱት። ቤቱ ጸጥ አለ። ሌላ ፎቶ የለማ! እናቲቱ በቀለም ፎቶ የተነሡት ያንን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩን ሄጄ አየሁት። ብራይትነሱ 100 ላይ ነው። የሞኒተሩ የቀለም ምርጫም ለፊልም ማያ ተብሎ ቀለም በሚያጋንነው ላይ ተደርጓል። ልጁ የሠራው ማታ ማታ ስለሆነ ደግሞ «ናይት ላይት» የሚባለው፣ ሰማያዊውን ብርሃን ቀንሶ ስክሪኑን ወደ ብርቱካናማ የሚያደላው ሴቲንግ ሰዓቱን ጠብቆ በራሱ ይበራ ነበር። ስክሪኑ ከልክ በላይ ስለሚያበራ ፎቶው በቂ ብርሃን ያለው መሰለው፤ ወረቀት ግን የራሱ ብርሃን የለውምና ጠቆረ። ስክሪኑ ወደ ብርቱካናማ ስላደላ የአያቱ ፊት የቀላ መሰለውና ቀዩን ቀነሰ፤ ወረቀቱ ላይ አመድ መሰሉ። ልጁ ያየውን ነው ያረመው። የሚያየው ነገር ነው ትክክል ያልነበረው።

እንዲህ ዓይነት ችግር የገጠማችሁ ወላጆች፣ መጀመሪያ ገንዘብ የማያስወጣውን ሞክሩ። ስክሪኑ በሙሉ በድንገት ቢጫ ወይም ሮዝ ከሆነ ሌላ ነገር ከመነካካታችሁ በፊት ገመዱን እዩ። በየቤቱና በየቢሮው አሁንም ያልጠፋው ሰማያዊ ጫፍ ያለው የቪጂኤ ገመድ ሦስቱን ቀለሞች በተለያዩ ሽቦዎች ነው የሚያመጣው። ከመርፌዎቹ አንዱ ከተጣመመ ወይም ገመዱ ከላላ አንዱ ቀለም ይቀራል። ሰማያዊው ሲቀር ስክሪኑ ቢጫ፣ አረንጓዴው ሲቀር ወይን ጠጅ ይሆናል። ገመዱን ነቅሎ በደንብ መሰካት ብቻ ስንቱን ሞኒተር ከመጣል አድኖታል።

ቀጥሎ በራሳቸው የሚበሩትን ሁሉ አጥፉ። ዊንዶውስ ላይ ናይት ላይት፣ አፕል ላይ ናይት ሺፍትና ትሩ ቶን፣ ላፕቶፕ ላይ እንደ ክፍሉ ብርሃን ስክሪኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው። እነዚህ ለዓይን ምቾት የተሠሩ ናቸው፤ ለጽሑፍ ጥሩ ናቸው፤ ለፎቶ ሥራ ግን ሚዛኑ ላይ ጣት እንደማሳረፍ ነው። ከዚያ የሞኒተሩን የራሱን ቁልፍ ተጭናችሁ «ኤስአርጂቢ» የሚል ምርጫ ካለ እሱን፣ ከሌለም 6500 የሚለውን የቀለም ሙቀት ምረጡ። 6500 ኬልቪን በግምት የቀን ብርሃን ነው። ኤስአርጂቢ ደግሞ ኤችፒና ማይክሮሶፍት በ1996 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የጋራ የቀለም ልክ ነው፤ አብዛኛው ካሜራ፣ ስልክና ፎቶ ቤት የሚግባባበት ቋንቋ ይኸው ነው።

ብራይትነሱን ግን ቆም ብላችሁ አስተካክሉት፤ በእኔ ግምት «ሕትመቱ ጠቆረብኝ» ከሚለው ስሞታ ብዙው የሚመጣው ከዚህ ነው። ባለሙያዎች ለፎቶ ሥራ ስክሪኑን በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ ያደርጉታል። መለኪያ ለሌለን ሰዎች ወረቀት አለልን። ኮምፒውተሩ ከበራ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሙቅ። የስክሪኑ ነጭ ገጽ ክፈቱ፤ ጎኑ ላይ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ያዙና ክፍሉ ውስጥ ባለው ብርሃን ተያዩ። ስክሪኑ እንደ አምፖል፣ ወረቀቱ እንደ ግራጫ ጨርቅ ከመሰለ ብራይትነሱ በዝቷል፤ ሁለቱ እስኪቀራረቡ ቀንሱ። መጀመሪያ የጨለመ ይመስላችኋል፣ ዓይን ጥቂት ቆይቶ ይለምደዋል። ይህን ስታደርጉ የመስኮት ፀሐይ ስክሪኑ ላይ አይረፍ። ርካሽ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ክዳኑን ትንሽ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ስታደርጉት ያው ፎቶ ሲጠቁርና ሲነጣ ታያላችሁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቀለሙ አሁንም ካላማረ የሚጠረጠረው ፕሮፋይሉ ነው። ፕሮፋይል ማለት «ይህ ሞኒተር ቀይን እንዲህ፣ አረንጓዴን እንዲያ ያሳያል» ብሎ ለፕሮግራሞች የሚናገር ትንሽ ፋይል ነው። ሁሉም ፕሮግራም አይሰማውም። ስለዚህ አንድ ፎቶ በአንዱ ፕሮግራም ቢጫ፣ በሌላው ደህና ሆኖ ከታየ ሞኒተሩን አትንኩ፤ የተበላሸው ፕሮፋይሉ ሳይሆን አይቀርም። ዊንዶውስ ላይ በጣም የተለመደው ምልክት ይህ ነው፦ በፎቶ መመልከቻው ነጭ የሆነው ሁሉ ቢጫ ይመስላል፣ ሌላው ስክሪን ግን ነጭ ነው። ከሞኒተሩ ጋር አብሮ የተጫነ የማይሆን ፕሮፋይል ይህን ያደርጋል። መድኃኒቱ «ከለር ማኔጅመንት» የሚለውን ከፍቶ፣ ሞኒተሩን መርጦ፣ «የራሴን ሴቲንግ ተጠቀም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ፣ የኤስአርጂቢውን ፕሮፋይል ጨምሮ ቀዳሚ ማድረግ ነው። ለተራ የቤት ሞኒተር ይበቃል። ፕሮግራሙን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱት።

እዚህ ላይ ልጆቻችን የሚወዱት አቋራጭ አለ፤ የጓደኛን ፕሮፋይል በፍላሽ ይዞ መምጣት። የሌላ ሰው መነጽር ነው፤ አይጠቅምም። ሁለተኛው ደግሞ የሞኒተሩን ፕሮፋይል ፎቶሾፕ ውስጥ የሥራ ቀለም አድርጎ መምረጥ ነው። የሞኒተር ፕሮፋይል ቦታው የዊንዶውሱ ወይም የማኩ ሴቲንግ ነው፤ ፎቶሾፕ ከዚያ ራሱ ያነበዋል። የሥራ ቀለሙ ኤስአርጂቢ ይሁን። አዶቤ አርጂቢ የሚባለው ሰፋ ያለ ቢሆንም ፕሮፋይል የማያነብ ፎቶ ቤት ሲደርስ ፎቶው ደብዝዞ ይታተማል። ስክሪን ላይ ተለጥፎ ቀለሙን የሚለካ፣ እንደ ስፓይደር ያለ መሣሪያም አለ፤ በፎቶ ለሚተዳደር ሰው ግድ ነው። ለአንድ የቤተሰብ ፎቶ ብላችሁ ግን አትግዙ።

ስክሪኑ ከተስተካከለ በኋላ ነው ወደ ፎቶው የሚኬደው። የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የቀለም ፎቶዎች ብዙዎቹ ቀልተዋል። ወረቀቱ ላይ ካሉት ሦስት ቀለሞች በአልበም ጨለማ ውስጥ ቶሎ የሚደክመው ብዙ ጊዜ አረንጓዴያማው ሰማያዊ ስለሆነ ነው። በብር የሚሠራው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይሻላል፤ የአያቶቻችን ፎቶ ከእኛ የልጅነት ፎቶ ደህና ሆኖ የምናገኘው ለዚህ ነው። የጎረቤቴን ፎቶ ያዳነው ነጠላው ነው። በፎቶ ማስተካከያው የቀለም መምጠጫ ነጠላው ላይ ስትጫኑ ሦስቱ ቁጥሮች ይወጣሉ። ነጭ ነገር ላይ ሦስቱም መቀራረብ አለባቸው። የእጅ ፈትል ትንሽ ቢጫነት ስላለው ሰማያዊው በመጠኑ ቢያንስ ልክ ነው። እዚያ ፎቶ ላይ ግን ቀዩ ከሌሎቹ እጅግ በልጦ ነበር። ነጠላው ነጠላ እስኪመስል ቀዩን ስንቀንስ ፊታቸው ተከትሎ መጣ፤ ፊቱን ለብቻው አልነካነውም። ፎቶው የተነሣው በማታ ፀሐይ ከሆነ ግን ነጠላውም በእውነት ወርቃማ ነበርና ሙሉ በሙሉ አታንጹት።

በራሱ የሚያስተካክለውን ቁልፍ ለጠይም ፊት አላምነውም። የፎቶ ቴክኖሎጂ ይህ ጠባዩ የቆየ ነው። ኮዳክ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፎቶ ቤቶች የሚልከው የቀለም መመዘኛ ካርድ የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበረ፤ «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር። የእሷ ፊት ካማረ ማሽኑ ተስተካክሏል ማለት ነው፤ የጥቁር ሰው ፊት ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆኖ ቢወጣ ማንም አይጠይቅም። የተለያየ መልክ ያላቸው ሴቶች ያሉበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። ዛሬ ደግሞ የስልኩ ማሳመሪያ ያለፈቃድ ያቀላናል። የልጅ ልጆቻችሁ አያታቸውን እንዲህ ቀልተው ካዩ፣ ከየት ጠይም እንደሆኑ የሚነግራቸው ፎቶ አይኖርም።

በዕድሜ የገፋን ሰዎች ስለራሳችን ዓይን አንድ ነገር እንወቅ። የዓይን ሌንስ ከዕድሜ ጋር ይበጫል፤ የሞራ ግርዶሽ ሲኖር ይብሳል፣ ሰማያዊውም ይቀንሳል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ በ1923 እ.ኤ.አ. የሞራ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ነገሩ ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ እየታየው ተቸግሮ ነበር። ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ በቀለም ቢከራከሩ ሁለቱም ያዩትን እየተናገሩ ሊሆን ይችላል። ሥራውን እንዲህ መክፈል ይሻላል፦ ነጠላው ነጭ መሆኑን ልጁ በቁጥር ይመልከት፣ መልኩ የሟች መሆኑን አያት ይፍረዱ።

ትልቁን ከማሳተማችሁ በፊት 10 በ15 ሴንቲሜትር የሆኑ ሦስት ትንንሽ ሕትመቶች አሠሩ፤ አንዱ እንዳለ፣ አንዱ ትንሽ የበራ፣ አንዱ ትንሽ የቀላ። ጀርባቸው ላይ የትኛው የትኛው እንደሆነ ጻፉ። ፎቶ ቤቱን «እባክዎ እዚያ ምንም አያስተካክሉት» በሉ። በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል። ሦስቱን በሱቁ መብራት ሳይሆን በጠዋት፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት መስኮት አጠገብ እዩዋቸው። የመጀመሪያውን ስካን ደግሞ ሳትነኩት ለብቻው አስቀምጡ፤ ስካን ስታደርጉም የስካነሩን የራሱን ማስተካከያ አጥፉት፤ ለማተለቅ ካሰባችሁ 600 ዲፒአይ ይሁን።