ጌም ማንን አብልቶ ያውቃል?

«ልጆቹን ከስልክ ላይ ማስነሳት አቅቶን አንተ ጌም ለሰው ይጠቅማል ብለህ ልትጽፍ ነው አሉ» አለኝ ወዳጄ፣ ገና ሰላምታችንን ሳንጨርስ።

«ሁሉም ጌም ይጠቅማል የሚል ቃል አልወጣኝም።»

«እስቲ የሚጠቅመውን ጥራልኝ።»

ፍሪራይስን ጠራሁለት። ጆን ብሪን የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 2007 የከፈተው ድረ ገጽ ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይመጣል፣ ትርጉሙን ከአራት አማራጭ ትመርጣለህ፤ ካገኘኸው፣ ሲጀመር በነበረው ስሌት፣ አሥር ፍሬ ሩዝ ለተራበ ሰው ይያዛል። ያን ጊዜ የሚከፍሉት በገጹ ላይ የሚያስተዋውቁ ድርጅቶች ነበሩ። ሰውዬው በ2009 ድረ ገጹን እንዳለ ለዓለም የምግብ ፕሮግራም አስረከበ።

ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ ሒሳብ ጀመረ። «አንድ ኪሎ ሩዝ ስንት ፍሬ ይሆናል?»

«በግምት ከአርባ እስከ ሃምሳ ሺህ።»

«በትንሹ ልያዝልህ። አንድ ኪሎ ለመሙላት 4,000 ጥያቄ እመልሳለሁ። አንዱ አሥር ሰከንድ ቢፈጅብኝ ከ11 ሰዓት በላይ ነው። ይህን ሁሉ ሰዓት ሠርቼ የማገኘውን ገንዘብ ብሰጥ ስንት ኪሎ ይገዛ ነበር?»

«ቃሉንም እኮ ትማራለህ።»

«ቃሉን መዝገበ ቃላት ያስተምረኛል። እኔ የምጠይቅህ ስለ ሩዙ ነው። ድርጅቱ ገንዘቡን ሊሰጥ ከቆረጠ ለምን እኔን ያነካካኛል? ብሩን በእጁ ይዞ፣ የተራበ ሰው ከፊቱ ቆሞ፣ ‹ይሄኛው ካልጨፈረልኝ አልሰጥም› እንደሚል ሰው አልሆነም?»

«ሰዎችን ስለ ረሃብ ያሳስባቸዋላ! ረሃብን ሰምቶ የማያውቅ ልጅ...»

«ስለ ረሃብ ማሰብ ሌላ፣ ረሃብን ማስታገስ ሌላ! እኛ ስንት ዘመን ታሰበልን? በሌላው ረሃብ ላይ ስጫወት አምሽቼ፣ ዛሬ ሰው መገብኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ልተኛ ነው? በማግስቱ አንድ ሰው እጁን ሲዘረጋልኝ ‹ማታ ሰጥቻለሁ› ብዬ ባልፈውስ?»

ተናዶ ነበር፤ ንዴቱም ትክክል ነው። ተጫዋቹና ሩዙ የተገናኙት በአስተዋዋቂውና በድረ ገጹ ውል ብቻ ነው። ተጫዋቹ ቢተኛም ገንዘቡ ካለ ሩዙ ይገዛል። ስለ ፍሪራይስ ነጥቡን ሰጠሁት።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ጨዋታው ራሱ ሥራ የሚሆንበት ነው። ፎልዲት የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2008 ያወጡት ጌም ነው። ተጫዋቹ የፕሮቲንን ቅርጽ በስክሪኑ ላይ እያጠፈና እየጠመዘዘ የተሻለውን አቀማመጥ ይፈልጋል። በዝንጀሮዎች ላይ ኤድስን የመሰለ በሽታ የሚያመጣ ቫይረስ አለ፤ የአንዱ ፕሮቲኑ ቅርጽ ተመራማሪዎችን ከአሥር ዓመት በላይ አስቸግሯቸው ኖሯል። እንቆቅልሹን ለተጫዋቾቹ ሰጧቸው። በሦስት ሳምንት ውስጥ መፍቻውን አገኙት። በ2011 በታተመው ጥናት ላይም የተጫዋቾቹ ቡድኖች ከጸሐፊዎቹ ተርታ ተመዘገቡ። አብዛኞቹ ተጫዋቾች የባዮኬሚስትሪ ትምህርት ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው።

«ጎበዞች» አለ ወዳጄ። «በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ለእነማን ተሰጠ?»

ወዴት እንደሚወስደኝ ገባኝ። አንዱ ዴቪድ ቤከር ነው፣ ፎልዲት የተወለደበት ቤተ ሙከራ መሪ። ሁለቱ ደግሞ የፕሮቲንን ቅርጽ የሚተነብየውን አልፋፎልድ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሠሩት የጉግል ዲፕማይንድ ሰዎች ናቸው።

«አየህ? ማሽኑ ተረክቦታል። ተጫዋቾችህ ወደ ቤታቸው ይግቡ።»

«ካርታ መሣሉንስ ማን ይረከበዋል?»

በመጋቢት 2014 ጊኒ ውስጥ ኢቦላ ሲነሳ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ጌኬዱ ለምትባለው ከተማ የሚረባ ካርታ አልነበራቸውም። በየአገሩ የተቀመጡ በጎ ፈቃደኞች የሳተላይት ምስል እያዩ መንገዱንና ቤቱን ኦፕንስትሪትማፕ በሚባለው ነፃ ካርታ ላይ በቀናት ውስጥ ሣሉት። በዚያው ዓመት እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያስተባብር ሚሲንግ ማፕስ የተባለ ፕሮጀክት ተመሠረተ። አሁን ተማሪዎች ተሰብስበው፣ ቡና እየጠጡ፣ ማን ብዙ ሣለ እየተባባሉ ያመሻሉ። ከጌም በምን ያንሳል? ማሽን ጣሪያውን ከምስሉ ላይ ይለይ ይሆናል፤ የጎጡን ስም ግን ከሰማይ ሆኖ አያነበውም። ክረምት ሲገባ የትኛው ወንዝ መንገድ እንደሚቆርጥ የሚያውቀው እዚያ ያደገ ሰው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክትባት ይዛ ስትወጣ የሚያስፈልጋት ይኸው ነው።

ወዳጄ ዝም አለ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

«ካርታው የሚከፈተው ለሐኪሙ ብቻ ነው?»

«ለሁሉም ነው።»

«እንግዲያው መንደሩን የሚፈልገው ሐኪም ብቻ አይደለም። እዚህ አገር ያለፍንበትን ታውቃለህ።»

«መሣሪያ የያዘው ወገን የራሱ ካርታ አለው፤ ካርታ ያጣችው ክሊኒኳ ናት።»

«ሁሉም አለው ብለህ ትምላለህ?»

አልማልኩም። የተፈናቀሉ ሰዎች የተጠለሉበትን ስፍራ፣ ውጊያ ያለበትን ቀበሌ መሣል እንደማይገባ ተስማማን። ጤና ኬላውን፣ የውኃ ጉድጓዱንና ድልድዩን ይሣሉ አልኩት። «ድልድዩን?» ብሎ አፈጠጠብኝ። በድልድዩ አልተስማማንም፤ እስካሁንም አልተስማማንም። እኔ ግን አምቡላንስ ጠፍቶባት መንገድ ላይ የምትወልደው እናት ታመዝንብኛለች።

ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከሩቅ ሆኖም ይረዳል። በጥር 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ሰዎች 4636 ወደሚባል አጭር ቁጥር በነፃ የጽሑፍ መልእክት ይልኩ ነበር፤ በአገሩ ቋንቋ በክሪዮል። ያንን በኢንተርኔት እየተቀባበሉ የተረጎሙት፣ አካባቢውንም የጠቆሙት በአብዛኛው ውጭ የሚኖሩ ሄይቲያውያን ነበሩ። ሰፈሩን በስሙ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

አንተ በዱባይም ሆነ በዋሽንግተን ማታ ማታ ስልክ ላይ የምታመሽ፣ አንቺም ደሴ ወይም አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ያለሽ፣ ዛሬ ኦፕንስትሪትማፕን ክፈቱና ሰላም የሆነውን የትውልድ ቀዬአችሁን ፈልጉ። ጤና ጣቢያው ከሌለ መዝግቡት፤ ስሙም ከተሳሳተ አርሙት።