የአስም «ቀስቃሽ ምርመራ» ምን ያህል ይታመናል? ከጋምቤላ ወደ አዲስ አበባ ከመነሳትዎ በፊት

ከጋምቤላ ከተማ እስከ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። «አስም ሊሆን ይችላል፤ ሄደው ይመርመሩ» ከተባሉ፣ ለመሳፈሪያና ለማረፊያ ከማውጣትዎ በፊት ምርመራው ምን ሊነግርዎ እንደሚችል ማወቅ ይጠቅምዎታል።

ምርመራው እንዴት ይሠራል?

ሜታኮሊን የሚባል መድኃኒት በጣም በትንሹ ተጀምሮ ቀስ በቀስ እየተጨመረ በአፍ ይሳባል። ከእያንዳንዱ መጠን በኋላ በአንድ ሴኮንድ የሚያስወጡት አየር ይለካል። ልኬቱ በ20 በመቶ ከቀነሰ የአየር ቧንቧዎ ከመጠን በላይ ይቆጣል ማለት ነው። ቧንቧውን መልሶ የሚከፍት መድኃኒት ወዲያው ይሰጣል።

ውጤቱ ምን ይላል?

ምርመራው ይበልጥ የሚታመነው «አስም አይደለም» ሲል ነው። ምልክት እያለብዎት ውጤቱ ነጌቲቭ ከሆነ፣ አሁን አስም የመኖሩ ዕድል በጣም ዝቅተኛ ነው። ነገር ግን የስቴሮይድ ፓፍ ሲወስዱ ከቆዩ፣ ወይም ሕመሙ በወቅት ብቻ የሚነሳ ከሆነ አስም እያለ ላይታይ ይችላል።

ፖዘቲቭ ውጤት ግን ብቻውን አስም መኖሩን አያረጋግጥም። የአፍንጫ አለርጂ ያለባቸው፣ የሚያጨሱ፣ በቅርቡ ጉንፋን የያዛቸው ወይም ሌላ የቆየ የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎችም ፖዘቲቭ ሊሆኑ ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 የወጣው የብሪታንያ መመሪያም ይህን ምርመራ ለአዋቂዎች በመጨረሻ ደረጃ ላይ አስቀምጦታል። በቅድሚያ ቀለል ያሉት ምርመራዎች ይሠራሉ፤ ወደዚህ የሚኬደው እነሱ ቁርጥ ያለ መልስ ካልሰጡ ነው።

ያለ ምርመራ «አስም» መባልም ጉዳት አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ የካናዳ ጥናት፣ ባለፉት አምስት ዓመታት አስም አለባችሁ የተባሉ 613 አዋቂዎች ደጋግመው ሲመረመሩ፣ ከሦስቱ በአንዱ ገደማ ላይ አስም አልተገኘም። ከእነዚህ መካከል 12ቱ ሌላ ከባድ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ነበረባቸው።

በጋምቤላ ምን ያሳስባል?

በበጋ ሣር ሲቃጠል የሚነሳው ጭስና የማገዶ ጭስ አስምን ይቀሰቅሳሉ። ለዓመታት በጭስ ውስጥ ምግብ ያበሰለች እናት ደግሞ ሲጋራ ሳታጨስ አስምን የሚመስል ሌላ የሳንባ ሕመም ሊይዛት ይችላል። ሳል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ በቅድሚያ የአክታ ምርመራ ያድርጉ። ቲቢን በፓፍ ማከም ለታማሚውም ለቤተሰቡም አደጋ ነው።

ከመጓዝዎ በፊት

• በአቅራቢያዎ ስፓይሮሜትሪ ካለ ይጠይቁ። በአዋቂ ላይ ሳልቡታሞል ከተወሰደ በኋላ ልኬቱ ቢያንስ በ12 በመቶና በ200 ሚሊ ሊትር ከጨመረ አስምን ይደግፋል።
• ስፓይሮሜትሪ ከሌለ በፒክ ፍሎው ሜትር ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ይለኩ። በየጊዜው ሦስት ጊዜ ነፍተው ትልቁን ቁጥር ይመዝግቡ። የየቀኑ መለዋወጥ በአማካይ ለአዋቂ ከ10 በመቶ፣ ለልጅ ከ13 በመቶ በላይ ከሆነ አስምን ይደግፋል።
• የተላኩበት ሆስፒታል ምርመራውን እየሰጠ መሆኑን አስቀድመው በስልክ ያረጋግጡ፤ የትኛው መድኃኒት ለስንት ጊዜ እንደሚቋረጥም ይጠይቁ። በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ።
• በቅርብ ወራት የልብ ድካም ወይም ስትሮክ ከነበረብዎት፣ የደም ግፊትዎ ካልተስተካከለ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ ይናገሩ። ሳንባው በጣም ለደከመ ሰው ምርመራው አይሰጥም።

ቀጠሮ የማይጠብቅ ሕመም

መናገር እስኪያቅት ትንፋሽ ካጠረ፣ ከንፈር ከጠቆረ ወይም ፓፉ ካላስታገሰ ምርመራ አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ይህ መረጃ የሐኪምዎን ምክር አይተካም። የለኩበትን መዝገብ ይዘው ቢቀርቡ ግን ሐኪምዎ በግምት ሳይሆን በማስረጃ እንዲወስን ይረዱታል።